የጋሼ እሺታ

ሲስተር ያን ጠዋት የነቃችው ተናዳ ነው። ፊቷን የታጠበችው ተናዳ፣ ጫማዋን ያሰረችው ተናዳ፣ ታክሲ ውስጥ ክርኑን ጎኗ ላይ የተከለውን ሰውዬ ያፈጠጠችበትም ተናዳ ነበር። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ ታክሲው ነው የጠበበው። ግን የምትናደድበት ሰው እዚያ ስላልነበረ የሰውዬው ክርን ዕዳውን ተሸከመ።

የምትናደድበት ሰው ወንድሟ ነው። እግሩ ሊቆረጥ ነው፣ ሲጋራውን ግን አልተወም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚረዝም ነገር የለውም።

ሆስፒታሉ በር ስትደርስ ንዴቷን ዋጠችው። ነጭ ጋውኗን ለበሰች፣ የምክር ክፍሉን ከፈተች፣ ሁለቱን ወንበሮች ትንሽ ሰያፍ አድርጋ አስተካከለች። ሰውን ፊት ለፊት ከተቀመጡበት ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ አውቶቡስ የሚጠብቅ። ይኼን ለአዳዲሶቹ ነርሶች የምታስተምረው እሷ ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በመስኮቱ የሆስፒታሉ ግቢ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ከዜሮ እስከ አስር የተጻፈበት ረጅም ወረቀት ተለጥፏል። ሌላ ጌጥ የለውም።

የምትሠራው ሥራ ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ሁሉም «ጠይቆ ማድመጥ» ይለዋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የሚጠጣውን፣ የሚያጨሰውን፣ መድኃኒቱን የሚጥለውን ሰው «ተው፣ ትሞታለህ» አትይውም። ትጠይቂዋለሽ። ያለውን መልሰሽ ትነግሪዋለሽ። ከዚያ የሚተውበት ምክንያት ከራሱ አፍ እስኪወጣ ድረስ ምላስሽን ነክሰሽ ትቀመጫለሽ። አስቸጋሪው ምላስ መንከሱ ነው።

ያን ጠዋት የመጀመሪያው ባለጉዳይ መጠጥ ያስቸገረው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ገና ሳይቀመጥ ለስድብ ትከሻውን አዘጋጅቷል።

«መጠጡን ለመተው ምን ያህል ተዘጋጅተዋል? እዚያ ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር አንዱን ይምረጡልኝ» አለችው።

«ሦስት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሦስት። ለምን ዜሮ አላሉም?»

ሹፌሩ ቀና አለ። ለምን አስር አልሆነም የሚለውን ነበር የሚጠብቀው፤ ለሱ መልስ አዘጋጅቷል። ለዚህኛው አላዘጋጀም። «ዜሮማ እንዴት እላለሁ? ልጄ እኮ የመኪናዬን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች» አለ።

«ድምፅዎን ስትሰማ ትደበቃለች» አለች ሲስተር፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ዝም አለች። ሹፌሩ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ቆየና ሳያገኝ እንባውን በእጅጌው ጠረገው። ሲወጣ ሁለት እጇን ይዞ ነው የተሰናበታት።

ባልደረቦቿ ሲስተር ድንጋይ ታናግራለች ይላሉ። ሥልጠና ስትሰጥም ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ነገር ነው፦ «እሺ የሚል በሽተኛ ሲገጥማችሁ ደንግጡ። እሺ ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፣ ልቀቂኝ ልሂድ ማለት ነው። እምቢ የሚላችሁ ሰው አሁንም ከእናንተ ጋር እያወራ ነው። እሺ የሚለው ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነው።» ነርሶቹ ይጽፋሉ። እሷም ያለችውን ታምንበታለች።

ይኼን ሁሉ የምታውቅ ሴት ታዲያ ከሥራ ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ የወንድሟ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው ትሆናለች። እዚያ ቤት ማድመጥ የሚባል ነገር አታውቅም።

ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው፤ እሱ ደግሞ ሚጢጢ ይላታል፣ አርባ ዓመት አልፏት እንኳን። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የሱ ጺም ገና አልበቀለም። ትምህርቱን ጥሎ የአባታቸው የስፌት መኪና ላይ ቁጭ አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳም። በእግር የሚረገጥ መኪና ነው፤ ቀኝ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው የኖረው። እሷን ያስተማረው ያ እግር ነው፤ ዛሬ ሁለት ጣቶቹ የጠቆሩበት ያው እግር ነው።

የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነግሯቸዋል። የእግሩ የደም ሥር ተዘግቷል፤ የዘጋው ሲጋራው ነው። ሊከፈት ይችላል፣ ያኔ ሁለቱ ጣቶች ብቻ ይሄዳሉ። እያጨሰ ከሆነ ግን የተከፈተው መልሶ ይዘጋል። «ለጭስ ብዬ ቢላ አላነሳም። ሳያጨስ ከመጣ ጣት፣ እያጨሰ ከመጣ ከጉልበት በታች» አለ፤ ይኼንኑ ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ሲስተር ከዚያ ቀን ወዲህ ያላደረገችው የለም። ኪሱን በረበረች። ሰፈር ውስጥ ያለውን ባለሱቅ «ለወንድሜ ሲጋራ ብትሸጥለት ጠቤ ካንተ ጋር ነው» ብላ አስጠነቀቀችው። ሚስቱን፣ እትዬ የምትላትን፣ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» አለቻት። ለሱማ የሚነገረውን ሁሉ ነገረችው፤ እግር የሌለው ልብስ ሰፊ ምን እንደሚመስል እንኳን ቆማ አሳየችው። እሱም መቀሱን ሳያስቀምጥ «እሺ ሚጢጢ» ይላታል። በነጋታው ያጨሳል። ትጮሃለች። «እሺ ሚጢጢ።» አንጀቷ እርር ይላል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ብሶባት ነበር። ስትገባ አንድ ደንበኛ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሰውየውን ደረት ይለካል። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የጋሼ ኮት ተሰቅሏል። እጇን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ሰደደች፣ ፓኮ አወጣች። ከግማሽ በላይ ሲጋራ አለው፣ ጠርዙ ተልጧል፣ ከኪስ ኪስ ብዙ የተመላለሰ ፓኮ ነው። ይኼን ሁሉ አየች። አየችና ካውያው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው።

«እግርህ ይበስብስ! ይበስብስና ቆርጠው ይጣሉልህ! እኔ አላስታምምህም፣ ሰማኸኝ?» አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ደንበኛው የተዘረጋ እጁን ማውረድ አፍሮ እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሼ ባልዲውን አየ፣ እሷን አየ። «እሺ» አለ። ሚጢጢ እንኳን አላላትም።

አሁን ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ከቢላው በፊት አንድ ዕድል ይሰጠው ብሎ ወደ ምክር ክፍሉ ላከው። ምክር ክፍሉ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ አንዷ ወልዳ ቤቷ ተኝታለች፣ የቀረችው ሲስተር ናት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አማካሪ የራሱን ዘመድ አይዝም። ደንቡን ያስተማረችውም እሷ ናት። ግን ስንቱን ሹፌር ስንቱን ጠጪ የመለሰች ሴት የገዛ ወንድሟን ለማን ትሰጠዋለች? እንደ ሌላው በሽተኛ ይዤው ቁጭ እላለሁ፣ በሥራዬ አሸንፈዋለሁ ብላ አሰበች። ማሸነፍ የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

ጋሼ ለእንግዳ የሚለብሰውን ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ ደጁ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ከሱ በፊት የገባችው ሴትዮ ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም» እያለች ነበር። ቀጥሎ ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ይግቡ» አለችው።

ጋሼ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ነው። ማንም የለም። እያነከሰ ገባ።

«ይቀመጡ። ደህና ነዎት?»

«እርስዎ? እርስዎ አልሽኝ?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው እርስዎ ነው።»

«ይሁን» አለ ጋሼ። ሰያፍ የተቀመጠውን ወንበር አይቶ ሊያስተካክለው ሲል እጁን ያዘችው፤ ተቀመጠ። ሲስተር ድምጿን አለሳለሰች። የሥራ ድምጿ ነው፣ ጋሼ ሰምቶት አያውቅም።

«ሲጋራው ምን ይሰጥዎታል?»

ጋሼ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «እውነት ልትሰሚ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«እኔ እንግዲህ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉ ነገር ተመርጦልኝ ነው የኖርኩት» አለ። «መኪናው የአባባ ነው። ቤቱ የአባባ ነው። የምሰፋውን ደንበኛው ይመርጣል፣ ጨርቁን እሱ ያመጣል፣ ልኩ የሱ ነው። አንቺ ዩኒፎርም ያስፈልግሻል ሲሉኝ እሰፋለሁ፣ ደብተር ሲሉኝ እገዛለሁ። አላማረርኩም፣ አሁንም አላማርርም። ግን በር ላይ ወጥቼ ያቺን ስለኩስ ማንም ምንም አይለኝም። እኔ የመረጥኳት አንድ ነገር እሷ ናት። ቂል ምርጫ ናት። ግን የኔ ናት።»

ይኼን የተናገረው ሹፌሩ ቢሆን ኖሮ ሲስተር ምን እንደምትል ታውቃለች፤ «የራስዎ የሆነ አንድ ነገር» ብላ ዝም ትላለች። አሁንም ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሌላ ነገር ቀደማት። እኔስ? እኔን አልመረጥከኝም? አለ። ዋጥ አድርጋ ወደ ግድግዳው አመለከተች።

«ለመተው ምን ያህል ተዘጋጅተዋል? ከዜሮ እስከ አስር።»

ጋሼ ወረቀቱን አየ። «ስድስት ነበርኩ» አለ።

ነበርኩ ነው ያለው። ለነርሶቹ ብታስተምር ኖሮ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ታሰምርበት ነበር። መቼ ነበሩ፣ ከዚያ ምን ሆነ፣ አሁንስ ስንት ላይ ነዎት ይባላል እንጂ እንዴት ይታለፋል? ሲስተር ግን ስድስት የምትለዋን ብቻ ነው የሰማችው። ጣቱ ጠቁሮ ስድስት! ቢላ ተስሎለት ስድስት!

«ለምን አስር አልሆነም?» አለች። ድምጿ ተለውጧል።

«ስላልሆነ።»

«ስለዚህ ሲጋራው ከእግርዎ ይበልጥብዎታል ማለት ነው።»

ይኼ አነጋገር ሥልጠናው ውስጥ አለ። ሰውየው ያለውን ትንሽ አጋንነው ይመልሱለታል፤ «ኧረ እንደሱ እንኳን አይደለም» ብሎ ራሱ ይመለሳል። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልገዋል፤ ድምፅ ውስጥ መርዝ እንዳይኖር። የሲስተር ድምፅ ውስጥ የነበረው መርዝ አንድ ባልዲ ይሞላል። ሙያዋን አንስታ ወንድሟን ወጋችበት። እርስዎ እያለች።

ጋሼ አያት። ከዚያ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ።

«እሺ» አለ።

ወጣ። ሲስተር ወንበሯ ላይ ቀረች። እሺ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሆስፒታል ውስጥ አልነበረም።

የቀረውን ቀን እንዴት እንደጨረሰችው እሷ ናት የምታውቀው። ከሥራ ስትወጣ አስፋልቱን መኪና እንኳን ሳታይ ተሻገረች። የምትናገረውን አፏ ውስጥ ደርድራለች፤ ውለታ ቢስ፣ ግትር፣ ራስህን ገድለህ እኔን ልትገድል። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ በፊት ሲስተርን ክፉ ተናግራት የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትደፊበት ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«እትዬ፣ አሳልፊኝ።»

«አላሳልፍሽም። መጀመሪያ የኔን ትሰሚያለሽ። ያቺ ባልዲ ውስጥ የደፋሻት ፓኮ የስንት ቀን እንደነበረች ታውቂያለሽ? ሰውዬው በቀን ሁለት ፍሬ ደርሶ ነበር። ሁለት! ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ። ማንም ሳይለው፣ ለራሱ ምሎ። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ለሚጢጢ አትንገሪያት፣ ዜሮ ስገባ እኔ ነኝ የምነግራት ብሎ። ዜሮ ስገባ አፏን ከፍታ ትቀራለች እያለ ይስቅ ነበር እኮ!»

ሲስተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ከዚያ አንቺ መጣሽ። በደንበኛ ፊት እግርህ ይበስብስ አልሽው። አንቺ ስትሄጂ ወደ ባለሱቁ ሄደ፤ እህትህ አትሽጥ ብላኛለች ብሎ መለሰው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እንደ ልጅ ተመለሰ። በዚያ እግሩ ዋናው መንገድ ድረስ አነከሰ። ሁለት ፓኮ ይዞ መጣ፤ ጫማውን ሳወልቅለት ካልሲው ደም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ይኼ ሁሉ ጭስ። በይ አሁን እለፊ፣ ያመጣሽውን ስድብ ስደቢው።»

እትዬ ከበሩ ገለል አለች። ሲስተር አፏ ውስጥ የደረደረችው ሁሉ ውሃ በላው።

ጋሼ መኪናው ላይ ነው። ቀና አላለም። ቀኝ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ፔዳሉን በግራው ይረግጣል፤ ስፌቱ ልማዱን አጥቶ ይንገዳገዳል። ሲስተር ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ተወችው። ይቅርታ ብትለው እሺ ነው የሚላት።

«ስድስት ነበርኩ አልከኝ» አለች። «ነበርኩ። መቼ ነበርክ?»

ፔዳሉ ቆመ።

«አሁን ሰማሽው?» አለ ጋሼ። ከዚያ ፈነዳ። ሲስተር በሕይወቷ እሱ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። «አሁን ነው የሰማሽው? ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ልንገርሽ? የማላውቃት ሴትዮ ከክፍልሽ ወጥታ እንዲህ የሰማኝ የለም ትላለች። የማን እህት ናት ይቺ አልኩ። የኔዋ አይደለችም። የኔዋ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ጋሼ ምን ሆነህ ነው ብላኝ አታውቅም። የኔዋ ኪስ ትበረብራለች! ለዓለም ሁሉ ጆሮ አለሽ፣ ለኔ ያለሽ ምላስ ብቻ ነው? ጭራሽ በመጨረሻ ጠየቅሽኝና ደስ ብሎኝ አፌን ስከፍት፣ የነገርኩሽን ይዘሽ መልሰሽ ፊቴ ላይ መታሽኝ። እርስዎ እያልሽ!»

እያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረው። ስለምወድህ ነው ማለት ትችል ነበር። ስለፈራሁ ነው ማለት ትችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ተክላ ዝም አለች። ሹፌሩ ፊት ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ምላስ መንከስ ማለት ይኼኛው ነው።

«ጠይቄህ አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«አልጠየቅሽኝም!»

«ኪስህን ነው የጠየቅኩት።»

ጋሼ ሊቀጥል አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳይወድ በግድ ከንፈሩ ላይ ሳቅ ቢጤ መጣች፤ አባረራት። ጠመኔውን አንስቶ ወደሷ ቀሰረ።

«አሁን የኔ ተራ ነው። ጩኸቱን ለመተው፣ ከዜሮ እስከ አስር፣ ስንት ነሽ?»

«ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም…»

«ማን ቀለደ? አንቺም ሱስ ነው ያለብሽ። ጥያቄዬን መልሺ። ጩኸቱ ምን ይሰጥሻል?»

ሲስተር ስንት መቶ ሰው ይኼን ጥያቄ እንደጠየቀች አታውቀውም። ተጠይቃ አታውቅም። ሲጠየቁት እንዲህ የሚያስጨንቅ አይመስላትም ነበር።

«ስጮህ አንድ ነገር ያደረግኩ ይመስለኛል» አለች። «እግርህን ሳየው እጄ ባዶ ነው። ስጮህብህ ግን ይደክመኛል፣ እንደሠራ ሰው። ቤቴ ገብቼ ዛሬ እንኳን ነገርኩት ብዬ እተኛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንተ ታጨሳለህ።»

«ከዚያ እኔ አጨሳለሁ» አለ ጋሼ፣ መልሶ። ዝም አለ። ክፍሏ ውስጥ ያየውን ያህል ነው የሠራው፣ ግን አልሳተም። «ቁጥሩን አልነገርሽኝም።»

«አራት።»

«ለምን ዜሮ አላልሽም?»

ሲስተር በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ኮት አየች። እንባዋ መጣ፤ ንዴት ነበር፣ ይኼኛው ግን በራሷ ላይ። «ፓኮው ጠርዙ ተልጦ ነበር» አለች። «ያረጀ ፓኮ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ኪስ ውስጥ ፓኮ አያረጅም። አወቅኩት፣ ጋሼ። ግን መናደዱ ጣመኝና ደፋሁት።»

ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ይኼን እንኳን አልጠበቅኩም» አለና ወደ መኪናው ዞረ። በግራ እግሩ መርገጥ ጀመረ። ሂጂም አላላትም፣ ቆዪም አላላትም። ስፌቱ እስኪያልቅ ተቀምጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለሲስተር የገሃነም ቀናት ነበሩ። ቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ቀኑ ይመጣል። በየቀኑ ትሄዳለች፣ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ ኮቱን አታይም። ወደ ባለሱቁ ሄዳ «ያልኩህን ተው፣ ወንድሜ የሚገዛውን እሱ ያውቃል» አለችው፤ ይኼን ስትል ጥርሷ ተንገጫገጨ። አንድ ምሽት ገና ሳትቀመጥ ጋሼ ከመኪናው ቀና ሳይል «ዛሬ አንድ አጨስኩ» አላት።

ደሟ ፈላ። ጆሮዋ ጮኸ። ከሳምንት በላይ አንድም ሳይለኩስ ቆይቶ ነበር፣ እትዬ በጥቅሻ ነግራታለች። ግን ይኼ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሷ ተደብቆ ያጨሰ ሰው ነው፤ ራሱ ሲነግራት ይኼ የመጀመሪያው ነው። ትንፋሿን ያዘች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«በዚህ ግራ እግሬ የሱፍ እጅጌ አበላሸሁ። የማይተካ ጨርቅ። ተናደድኩ፣ ወጣሁ፣ ለኮስኩ። ግማሹ ላይ ጠላሁት።» ዓይኑን አነሳ። «ሳትጮሂ ልትፈነጂ ነው።»

«ልፈነዳ ነው» አለች ሲስተር።

«አይቼዋለሁ» አለ ጋሼ። ሁለተኛ አልለኮሰም።

የቀጠሮው ዋዜማ መጣ። ሲስተር ለነገ ፈቃድ ጠይቃ፣ ታክሲ ተነጋግራ፣ ሁሉን አሰናድታ ነው የገባችው። «ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ። ለሐኪሙ የምንለውን እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ዝም በል» አለችው።

ጋሼ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እምቢ» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«እምቢ። አንቺ አትመጪም፣ እትዬም አትመጣም። እግሩ የኔ ነው፣ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ያጨስኩትን እኔ እነግረዋለሁ፣ የተውኩትንም እኔ እነግረዋለሁ።»

ሲስተር ከመናደዷ የተነሳ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። እያነሳች፣ እየወደቀባት፣ እንደገና እያነሳች፣ በዚህ መሐል ምን እንደሰማች ገባት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከዚህ ሰው አፍ እሺ ብቻ ነው የወጣላት። ቦርሳዋን አንስታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።

በነጋታው ከምክር ክፍሉ መስኮት አየችው። ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ግቢውን ብቻውን ሲያቋርጥ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆሞ አረፈ። እግሯ ለመሮጥ ተነሳ። የመስኮቱን እንጨት ይዛ ቀረች፣ እስኪገባ።

ቀዶ ሐኪሙ የምሳ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። «ወንድምሽ ሰኞ ይገባል። ሥሩን እከፍትለታለሁ፣ የሚሄደው ሁለት ጣት ነው። አንድ አጭሻለሁ ብሎ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ እንደሱ ያለ በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም» አላት። ከዚያ ዙሪያውን አየ። «አንቺ ምነው አብረሽው አልመጣሽም?»

«እምቢ አለኝ» አለች ሲስተር። ዓይኗ ሞልቷል።

ሐኪሙ ያዘነች መሰለው። ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አይዞሽ፣ ወንድምሽ አይደል፣ ቀስ እያለ እሺ ይልሻል።»

«እሺማ እንዳይለኝ!» ብላ ጮኸች ሲስተር። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩ።